አንዱን ዋት ገና አልሞላነውም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምዳችሁ ላይ ስለ ሬድዮ አማተሮች የወጣውን አስተያየት በጥሞና አንብቤዋለሁ። አስተያየት ሰጪው በረጅምና በመካከለኛ ሞገድ ጠባብ ባንዶች ላይ የደከሙ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ በዚህ ሥራ የሚያመሽ ሰው ጥቂት በመሆኑ ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ መውጣቱ ራሱ አስደስቶኛል። ይሁን እንጂ «የተፈቀደልን 1 ዋት ለቀልድ እንጂ ለሥራ አይበቃም፤ ወደ 10 ዋት ከፍ ይደረግልን» የሚለው ዋና ጥያቄያቸው፣ እኔም ለዓመታት ስደግመው የኖርሁት ቢሆንም፣ ቁጭ ብዬ ሳሰላው የማያዋጣ ሆኖ ስላገኘሁት ይህን መልስ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ስለ ምን እንደምንነጋገር ለሌሎች አንባቢያን በአጭሩ ላስረዳ። ሬድዮን ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ የሚሞክሩ፣ ፈቃድ አውጥተው በየራሳቸው የጥሪ ምልክት የሚሠሩ ሰዎች የሬድዮ አማተሮች ይባላሉ። አብዛኞቹ የሚገኙት በአጭር ሞገድና ከዚያ በላይ ባሉ ድግግሞሾች ላይ ሲሆን ጥቂቶቻችን ግን ወደ ታች ወርደናል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬድዮ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ135.7 እስከ 137.8 ኪሎኸርዝ ያለውን፣ በ2012 ደግሞ ከ472 እስከ 479 ኪሎኸርዝ ያለውን ለአማተሮች በሁለተኛ ደረጃ ተጠቃሚነት መድቧል። ሁለተኛ ደረጃ ማለት የቦታው ዋና ባለመብት የሆነውን ሳይረብሹ፣ እሱ ቢረብሽ ግን ሳያማርሩ መጠቀም ማለት ነው። ባንዶቹ በሞገድ ርዝመታቸው 2200 ሜትርና 630 ሜትር ተብለው ይጠራሉ። ጥበታቸውን ለመገመት ያህል፣ በመካከለኛ ሞገድ አንድ የሬድዮ ጣቢያ ብቻውን የ9 ወይም የ10 ኪሎኸርዝ ቦታ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ 630 ሜትር ባንድ ከዳር እስከ ዳር ለአንድ ጣቢያ አይበቃም። 2200 ሜትር ባንድማ አንድ አማተር በድምፁ ቢናገርበት ሞልቶ ይፈስሳል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። በእነዚህ ባንዶች የሚገደበው ከማሰራጫው የሚወጣው ኃይል ሳይሆን ከአንቴናው ወደ አየር የሚለቀቀው ነው፤ እሱም ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ከሚያሰራጭ ምናባዊ አንቴና ጋር ተነጻጽሮ ይሰላል። ልዩነቱ የቃላት ይመስላል፤ ክርክሩ የሚወድቀው ግን እዚሁ ላይ ነው። በ137 ኪሎኸርዝ አንድ ሞገድ 2200 ሜትር ገደማ ይረዝማል። በደንብ የሚያሰራጭ ቀጥ ያለ አንቴና የዚህን ሩብ፣ ማለትም 550 ሜትር ያህል ቁመት ይፈልጋል። የብዙዎቻችን ምሰሶ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ነው። ከጫፉ 20 ሜትር ያህል ሽቦ አግድም ብንዘረጋለት እንኳ የጨረራ ሬዚስታንሱ፣ ይኸውም ኃይልን በእርግጥ ወደ ሞገድ የሚለውጠው ክፍል፣ ከ0.07 ኦም ብዙም አያልፍም። የመሬቱ፣ የሽቦውና አጭሩን አንቴና ለማስተካከል የሚቀጠለው የሽቦ ጥቅልል ኪሳራ ተደማምሮ ግን 50 ኦም ቢደርስ ማንም አይደነቅም። እንግዲህ 100 ዋት ብናስገባ ሞገድ ሆኖ የሚወጣው 0.14 ዋት ነው፤ አጭር አንቴና ወደ አድማስ በሚያደላው ሥርጭቱ ምክንያት የሚያገኘውን የሦስት እጥፍ ብልጫ ብንጨምርለትም ግማሽ ዋት አይሞላም። የተረፈው 99 ከምናምን ዋት አፈሩንና ትሉን ሲያሞቅ ያድራል።

በዚሁ አንቴና የተፈቀደችውን 1 ዋት በትክክል ለመሙላት ሽቦው ላይ ከ2 አምፔር በላይ መሄድ አለበት፤ ማሰራጫውም 240 ዋት ገደማ መስጠት ይኖርበታል። የዚህ አንቴና ካፓሲታንስ፣ ይኸውም የኤሌክትሪክ ሙላት የመያዝ አቅሙ፣ ወደ 200 ፒኮፋራድ ስለሆነ ወደ 6.7 ሚሊሄንሪ የሚጠጋ ጥቅልል ካልተቀጠለበት አይስተካከልም፤ በጥቅልሉ ጫፍ ላይ ያኔ የሚፈጠረው 12 ሺህ ቮልት ያህል ነው። አስተያየት ሰጪው የጠየቁት 10 ዋት ቢፈቀድ ደግሞ ወደ 7 አምፔር፣ ከ2300 ዋት በላይ የማሰራጫ ኃይልና 40 ሺህ ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ይህን የሚሸከም ጥቅልል ጓሮው ውስጥ ያለው አማተር ስንት ነው? ብዙዎቻችን አንዱን ዋት ገና አልሞላነውም። በ630 ሜትር ባንድ ነገሩ እንደሚቀል አልክድም፤ የዚያው ምሰሶ የጨረራ ሬዚስታንስ እዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል።

ስለ ቮልቴጁ የተናገርሁት በስሌት ብቻ የማውቀው እንዳይመስል፣ የገጠመኝን ልናገር። የእኔ ጥቅልል 30 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው የፕላስቲክ በርሜል ላይ የተጠመጠመ፣ 200 ዙር ገደማ ያለው፣ ሲዘረጋ ወደ 190 ሜትር የሚደርስ ሽቦ ነው። ጤዛ በበዛበት አንድ ሌሊት ማሰራጫውን 150 ዋት ላይ አድርጌ የግቢውን መብራት አጥፍቼ ወጣሁ። በመጀመሪያ የሰማሁት በመጥበሻ ላይ ዘይት ሲግል የሚሰማውን ዓይነት ቀጭን ድምፅ ነበር። ቀጥሎ ከአግድሙ ሽቦ ጫፍ የጥፍር ያህል ሐምራዊ ብርሃን አየሁ፤ ስለ እውነት ለመናገር ውበቱ ስላስደነቀኝ ሮጬ ማጥፋት ሲገባኝ ቆሜ ተመለከትሁት። በማግስቱ ጠዋት በበርሜሉ የላይኛው ጠርዝ አካባቢ ፕላስቲኩ ቀልጦ፣ ከዙር ወደ ዙር የሚዘልቅ የከሰል ክር የመሰለ ጥቁር መንገድ ተሠርቶበት አገኘሁት። ያ የሆነው 10 ሺህ ቮልት ላይ ነው።

ታዲያ በእንዲህ ያለች ኃይል ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሱ ጊዜን በኃይል ቦታ መክፈል ነው። መቀበያው የሚያዳምጠው ባንድ በጠበበ ቁጥር የሚገባበት ጫጫታ ይቀንሳል፤ ባንዱ እንዲጠብ ግን መልእክቱ መዝገም አለበት። በሞርስ በተለመደ የጀማሪ ፍጥነት አንድ ነጥብ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይቆያል። እኛ ነጥቧን ለ3 ሴኮንድ፣ ሲያስፈልግም ለ60 ሴኮንድ እናቆያታለን። በኋለኛው አካሄድ አምስት ፊደል ያለው አንድ ቃል ለመላክ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በጆሮ ሊሰማ ስለማይችልም በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ቀስ በቀስ ሲሳል በዓይን ይነበባል። ሌላው መንገድ WSPR ተብሎ ተጽፎ ዊስፐር ተብሎ የሚነበበው ዘዴ ነው። የፈጠሩት ጆ ቴይለር ከራስል ሃልስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ የሥነ ፈለክ ሊቅ ናቸው፤ ከሩቅ ኮከብ የሚመጣን ደካማ ምልክት ከጫጫታ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ለአማተሮች ይህን መሥራታቸው አያስደንቅም። የላኪው የጥሪ ምልክት፣ የሚገኝበት ስፍራና የማሰራጫው ኃይል 110.6 ሴኮንድ በሚፈጅ መልእክት ይላካሉ፤ የሚይዘው ቦታም 6 ኸርዝ ብቻ ነው፣ የሰው ድምፅ ከሚይዘው ወደ 400 ጊዜ ያነሰ። በዚህ ዓይነት ትዕግሥት በ2200 ሜትር ባንድ የአማተሮች ምልክት አትላንቲክን ከተሻገረ ቆይቷል።

ከዚህም በታች የሚወርዱ አሉ። ከ8.3 ኪሎኸርዝ በታች ያለው ድግግሞሽ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለማንም ስላልተመደበ አንዳንዶች የአገራቸው ሕግ በሚፈቅደው መጠን በ8.27 ኪሎኸርዝ ይሞክራሉ፤ የሞገዱ ርዝመት 36 ኪሎሜትር ነው፤ ባንዱንም የሕልመኞች ባንድ ይሉታል። የሚገርመው ግን መቀበሉ ከሁሉ የረከሰ መሆኑ ነው። ድግግሞሹ ጆሮ ከሚሰማው ክልል ውስጥ ስለሚወድቅ አንቴናውን በቀላል ማጉያ በኩል የኮምፒዩተሩ የማይክሮፎን መሰኪያ ላይ ቢያገናኙት የድምፅ ካርዱ ራሱ መቀበያ ይሆናል። በስዊድን ግሪሜቶን በሚባል ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 የተጠናቀቀውና ዩኔስኮ በ2004 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ጣቢያ፣ እንደ ጄኔሬተር በሚሽከረከር ማሽን በ17.2 ኪሎኸርዝ የሚያሰራጨውን የበዓል ቀን መልእክት በዚሁ መንገድ ብዙ ሰው ያዳምጠዋል።

አስተያየት ሰጪው የጥንቶቹን አማተሮች በምሳሌነት አንሥተዋል፤ እኔም ከዚያው ታሪክ ልጥቀስ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጣው ሕግ አማተሮችን ከ200 ሜትር ወደማይበልጡ ሞገዶች ገፋቸው፤ ያን ጊዜ እነዚህ ሞገዶች ለሩቅ ግንኙነት እንደማይረቡ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 መጀመሪያ ምልክታቸው አትላንቲክን እንዲሻገር ያደረጉት ሙከራ አልተሳካም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሁለተኛው ሙከራ ሲደረግ ማሰራጫዎቹ ተሻሽለው ነበር፤ ሆኖም በተጨማሪ ያደረጉት ነገር ፖል ጎድሊ የተባለውን አሜሪካዊ ከነመቀበያው በመርከብ ወደ ስኮትላንድ መላክ ነው። ጎድሊ አርድሮሳን በምትባል የባሕር ዳርቻ ድንኳን ተክሎ፣ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር የአድማጭ አንቴና ዘርግቶ፣ ጊዜው ባፈራው ምርጥ መቀበያ በብርድና በዝናብ ሲያዳምጥ ሰነበተ፤ የአገሩንም አማተሮች ምልክት ሰማ። እንግዲህ ድሉ የተገኘው ዋት በመጨመር ብቻ አልነበረም፤ ጆሮው ጸጥ ወዳለበት ቦታ ስለተወሰደም ነው።

ዛሬ የጎደለን ይኸው ጸጥታ ነው፤ ቅሬታም ካለኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ ምሽት 2200 ሜትር ባንድ ጨርሶ አልሰማ ስላለኝ ላፕቶፑንና መቀበያውን በባትሪ አድርጌ የቤቱን ዋና ማብሪያ ማጥፊያ አወረድሁት። በስክሪኑ ላይ እንደ ፏፏቴ ሲወርድ የነበረው ቢጫ ጭጋግ በአንድ ጊዜ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ተለወጠ፤ መሣሪያው ያሳየው ቅናሽ 20 ዲሲብል፣ ማለትም መቶ እጥፍ ነበር። በመካከሉም ከሰዓታት ጀምሮ እዚያው የነበረች፣ ፀጉር የምታህል የሌላ አማተር ምልክት ብቅ አለች። ከዚያ በኋላ ማብሪያውን መልሼ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ስሰካ ዋናው ጥፋተኛ ስልክ እንኳ ያልተሰካበት፣ ከግድግዳው ላይ ተረስቶ የቀረ አንድ ርካሽ ቻርጀር ሆኖ ተገኘ። የአምራቹን ስም አላነሣም፤ ነገሩ የአንድ አምራች ብቻ አይደለምና።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዘመናዊ ቻርጀር የመብራቱን ኃይል በሰኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆረጠ ይለውጣል። የሬድዮ ረብሻን የሚመለከቱ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ፣ በአጭር ስሙ ሲስፕር፣ ለኮምፒዩተርና ለመሰል መሣሪያዎች በኃይል ገመዱ በኩል ተመልሶ በሚወጣው ረብሻ ላይ ገደብ ያስቀመጠው ከ150 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ንድፍ አውጪው 65 ኪሎኸርዝ አካባቢን ይመርጣል፤ መሠረቱም፣ የመሠረቱ እጥፍ የሆነው 130 ኪሎኸርዝም ከገደቡ በታች ስለሚውሉ በምርመራው አይያዙም። ረብሻው በአንድ ቦታ እንዳይከማች ሲባል ድግግሞሹ ሆን ተብሎ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ 68 ኪሎኸርዝ በደረሰ ጊዜ እጥፉ በቀጥታ 136 ላይ ያርፋል፣ ይኸውም በእኛ ባንድ መካከል። ለመብራት ዕቃዎች ገደቡ ከ9 ኪሎኸርዝ ይጀምራል፤ ለቻርጀሮች እንዲሁ እንዳይሆን የሚያግድ የተፈጥሮ ሕግ የለም። የኃይል ጭማሪ ለመጠየቅ የሚደክመው ጉልበት ለዚህ ቢውል ይሻላል የምለው ስለዚህ ነው፤ 10 ዋት ብናገኝ የምናተርፈው 10 ዲሲብል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ሲሆን፣ እኔ ግን አንድ ማብሪያ በማውረድ ብቻ የዚህን አሥር እጥፍ አግኝቻለሁ። በተጨማሪም ጫጫታ የበዛበት አድማጭ ሁሉም ላኪ 10 ዋት ቢኖረውም አይሰማም፤ ጸጥ ያለለት ግን የሁሉንም ግማሽ ዋት ይሰማል።

መብረቅን ግን ማንም በሕግ ሊከለክለው አይችልም። በዝቅተኛ ድግግሞሽ ከሩቅ የሚመጣ የመብረቅ ጫጫታ በሙቀቱ ወራት ሌሊት የሰው ሠራሹን ያህል ያስመርራል፤ ለዚህም ነው ከሐሩር ክልል ርቀው የሚኖሩ አማተሮች የቀዝቃዛውን ወራት ረጅም ሌሊት የሚጠብቁት።

ጸጥታን በሕግ ማስከበር እንግዳ ነገር የሚመስለው ካለ፣ ከ630 ሜትር ባንድ ጥቂት ከፍ ብሎ በሚገኘው 500 ኪሎኸርዝ ላይ የነበረውን ሥርዓት ያስታውስ። ለብዙ አሥርት ዓመታት መርከቦች የድረሱልኝ ጥሪ የሚያሰሙት በዚህ ድግግሞሽ ነበር። የመርከብ ሬድዮ ክፍል ሰዓት ፊት ላይ ሁለት ቀይ ቀለም የተቀቡ ክፍሎች ነበሩ፤ ደቂቃ ቆጣሪው ከ15 እስከ 18 እና ከ45 እስከ 48 ሲደርስ በየባሕሩ ያለ ኦፕሬተር ሁሉ እጁን ከሞርስ መምቻው አንሥቶ ለሦስት ደቂቃ ያዳምጥ ነበር፤ ባትሪው ያለቀበት፣ ምልክቱ የደከመ መርከብ ቢኖር እንዲሰማ። ሥርዓቱ በሳተላይትና በአዳዲስ መሣሪያዎች ሙሉ በሙሉ የተተካው እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1999 ነው። ያኔ ለደካማ ላኪ የታሰበው መድኃኒት ኃይል መጨመር ሳይሆን የሌላው ዝም ማለት ነበር።

አማተር ያልሆኑ አንባቢያንም ሊሞክሩት የሚችሉት ቀላል ነገር አለ። በባትሪ የሚሠራ፣ መካከለኛ ሞገድ ያለው ትንሽ ሬድዮ ካላቸው፣ መቃኛውን ወደ ታችኛው ጫፍ፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ያድርጉትና ወደ ቻርጀሩ፣ ወደ አምፖሉና ወደ ቴሌቪዥኑ አንድ በአንድ ያስጠጉት። የሚያጉረመርመውን ዕቃ ሬድዮው ራሱ ይነግራቸዋል። በማይሠራበት ሰዓት ዕቃውን ከሶኬቱ መንቀል ምንም ወጪ የለውም። የማይነቀል ከሆነ ገመዱን ረብሻን በሚያፍን፣ ፌራይት በሚባል ማግኔታዊ ቀለበት ደጋግሞ ማሳለፍ ይረዳል፤ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ግን አንድ ሁለት ዙር ከንቱ ነው፣ ደርዘን ያህል ዙር ያስፈልጋል።

ለአስተያየት ሰጪው ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በሚመቻቸው ሌሊት መቀበያቸውን በባትሪ አድርገው፣ የቤታቸውን ዋና ማብሪያ አብርተውና አጥፍተው፣ በሁለቱም ጊዜ በ136 ኪሎኸርዝ ያገኙትን የጫጫታ መጠን ከአንቴናቸው የአምፔር ልኬት ጋር በዚሁ ዓምድ ያሳውቁን። ልዩነቱ ከ10 ዲሲብል ያነሰ ሆኖ፣ የተፈቀደላቸውንም 1 ዋት በእርግጥ ሞልተውት ከተገኘ፣ ከጥያቄያቸው ሥር እኔም እፈርማለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሬድዮ አማተር